በዜሮ የምወርዳት ቁልቁለት

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እማዬ ብትሰማኝ «ለሞተ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብላ እንደምትቆጣኝ ሳስብ ተውኩት። ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ዘክረናል፤ የስናን ሰው ከላይ ወርዶልህ፣ የደብረ ማርቆስ ሰው ከታች ወጥቶልህ፣ የሚካኤል ግቢ አልበቃ ብሎ ነበር። የዚያን ቀን ልነግርህ ፈልጌ ያልነገርኩህ ነገር አለ። መቃብርህ አጠገብ ብቻዬን ቆሜ እንኳ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በጽሑፍ ይቅለለኝ፦ አሮጊቷን ሸጥኳት።

አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ። እንደ ልማድህ ወሬዬን ሳልጨርስ ኮትህን አንሥተህ እንዳትወጣ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የአሮጊቷን መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘመዶቻችን ገና ከለቅሶው ሳይነሡ መኪናዋን ሸጣችሁ ሱቅ ክፈቱ፣ ለሴት ልጅ እሱ ይሻላል ብለው መክረውን ነበር። እኔ ግን ሱቅ ተቀምጬ አላውቅም። የማውቀው ካንተ ጎን ተቀምጬ ያደግሁበትን መንገድ ነው፤ ጠዋት ከማርቆስ ስኳሩን፣ ዘይቱንና ሳሙናውን ጭኖ ወደ ስናኗ ከተማ ሮብ ገበያ መውጣት፣ ከሰዓት የስናንን ድንች ሞልቶ መውረድ። ባለሱቆቹም የሱ ልጅ ናት ብለው ተቀበሉኝ። እትዬ ጥሩዬ ብቻ የመጀመሪያውን ወር ስኳሩን ሁለት ሁለቴ ታስመዝነኝ ነበር። ታውቃታለህ፤ አንተንም ሃያ ዓመት ሙሉ ስታስመዝን ነው የኖረችው።

ያስቸገረኝ ናፍጣው ነው። በመጨረሻው ዓመትህ ወደ ማደያ ስትሄድ ምሳህንና ጋቢህን ይዘህ ነበር ሰልፍ የምትገባው። ከዚያ ወዲህ ባሰበት። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው ምልልስ አንድ ቀን ሆነ፤ አንዳንዱን ሳምንት እሱም ቀረ። ባለሱቆቹ እያፈሩም ቢሆን ከሌላ ሰው መረከብ ጀመሩ። እንጀራቸው ነው፣ ምን ያድርጉ? አንተ ዕድሜህን ሙሉ ያቆምከው መንገድ በኔ እጅ ሊዘጋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። የናፍጣ መኪና ከውጭ ማስገባት ቀርቷል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ቀረጡ ቀለል ያለ ነው ሲባል ሰማሁና ከቁጠባ ማኅበሩ ተበድሬ አንዲት ነጭ ቫን ገዛሁ። አዎ፣ የኤሌክትሪክ። «ጎማ ያለው ካውያ» እያልክ የምትስቅባትን ዓይነት።

እማዬ ዝምተኛዋ ብላታለች። ግቢ ስትገባ ድምፅ ስለሌላት ዶሮዎቹ አይነሡላትም፤ ወርጄ እሽ እላቸዋለሁ። ማታ ከቆጣሪው በተሳበው ገመድ ሰክተናት እናድራለን። ክረምቱን ግን ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እማዬ መብረቅ ይመታታል ብላ ትነቅላታለች፤ ጠዋት ስነሣ ግማሽ ብቻ ሞልታ አገኛታለሁ። መብራቱ ባይጠፋ እንኳ እማዬ አለች። ያም ሆኖ ወጪዋን ብታይ አንተም ሳቅህን ትተው ነበር። የወር የመብራት ክፍያዋ አሮጊቷ በሁለት ምልልስ ከምትጠጣው ናፍጣ ያንሳል። ዘይት መቀየር የለ፣ ፊልትሮ የለ። ከባድ ስለሆነች ጎማ ትበላለች፣ እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ ሲመጣ ግብሩም መጣ። ንግድ ፈቃዱም ሊብሬውም ባንተ ስም ስለነበሩ ወረቀት ሁሉ ተሸክሜ ግብር ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ጨዋ ናት። የአባትሽን ወጪ የሚያሳይ ደረሰኝ አምጪ ስትለኝ ወጪህ ሁሉ ጭንቅላትህ ውስጥ እንደነበር እንዴት ልንገራት? መዝገቡን አገላብጣ አገላብጣ «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሟች ግብር አይጠየቁም፤ መኪናቸው ግን ትጠየቃለች» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሮጊቷ ሸራ ለብሳ ከግቢው ጥግ ብትቆምም የዓመት ቦሎ አለባት፣ ኢንሹራንስ አለባት። የዝምተኛዋም እንደዚያው፣ ያውም ከነብድሯ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁለቱን መያዝ አልችልም። ወይ አሮጊቷ መሄድ አለባት፣ ወይ ዝምተኛዋ ተሸጣ ወደ ናፍጣው ሰልፍ መመለስና መንገድህን መተው ነው።

ለእማዬ ስነግራት አሮጊቷን እንዳትነኪ አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን በመጣች ቁጥር ሸራውን ገልጣ ያንተን ወንበር እንደምትወለውል አውቅ ስለነበር እኔም አልተከራከርኳትም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰሞን ልቤ ያዘነበለው ዝምተኛዋን ወደ መሸጥ ነው። ባትሪዋ አሳፍሮኝ ነበር። አቀበቱን ስትወጣ ትበላለች፣ ይሁን፣ ጭነት ነው። ቁልቁለቱን ወርጄ ማርቆስ ስደርስ ግን ቀይ መብራት እያበራች፣ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የምገባው። በቀን ሁለት ጊዜ መመላለስማ የማይታሰብ ነው። ለሸጠልኝ ሰው ደውዬ የሞተ ባትሪ ነው የሸጥክልኝ አልኩት። ባትሪው ደህና ነው፣ አነዳድሽን አስተካክዪ ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነሃ! ካንተ በላይ ማን ሊያስተምረኝ?

ደግሞ የማደርገው ያስተማርከኝን ነበር። ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ። ጠብታ ናፍጣ ሳያቃጥሉ ከታች እስካለው ድልድይ መንሸራተት። አንተማ ከሚካኤል በላይ ካለችው የመንገድ እጥፋት ስትደርስ ሞተሩንም ታጠፋው ነበር። በደጁ በጸጥታ ማለፍ ይገባል ትላለህ፤ እማዬ ደግሞ ናፍጣ ቆጥቦ ነው፣ በመልአኩ ያመካኛል ትላለች። ሁለታችሁም እየሣቃችሁ ነበር የምትሉት፣ የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ባስለመድከኝ እጅ፣ ሳላስበው፣ ዝምተኛዋን ሁሉንም ቁልቁለት በዜሮ ሳወርዳት ከረምኩ።

ጋሽ እሱባለው ነው የደረሰልኝ፣ መካኒኩ፣ የአሮጊቷ ሐኪም። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አንድም አላውቅም እያለ ለማየት ያህል አንድ ረቡዕ አብሮኝ ወጣ። ስንመለስ ድንች ሞልተናል። እጥፋቷ ጋ ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር እነሱን ስጠብቅ ዜሮ ማድረጉን ረሳሁት። በማርሽ እንዳለች ቀስ እያለች ወረደች። ጋሽ እሱባለው ዓይኑን ከባትሪው ቁጥር ላይ አልነቀለም። ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አንድ። አቁሚ አለኝና ነገሩን ደጋግሞ አሰበው። ለካ በማርሽ ስትወርድ ጎማዎቿ ሞተሯን እያዞሩ ባትሪውን ይሞሉታል፤ ድንቹ በከበደ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ትሞላለች። ዜሮ ሳደርጋት ግን ምንም አታገኝም። «አንቺ ልጅ፣ እሷ ስትሰጥሽ አንቺ አልቀበልም ስትዪ ነው የከረምሽው» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጋሽ እሱባለው ባትሪው አንጀቴን ያቆሰለው መስሎት ያጽናናኛል። እኔ ያለቀስኩት ግን ነገሩን ላንተ ልነግርህ ስለጓጓሁ ነው። አባዬ፣ አየህ፣ አንዴ እንኳ ተሳሳትክ፣ ልልህ። አንተ ደግሞ አላምንም ብለህ ስትከራከረኝ፣ ራስህ ነድተህ ስታየው፣ ከዚያ እንዳልተሸነፍክ ሆነህ ወሬ ስትቀይር ታየኝ። ናፈቅከኝ። እንደዚያን ቀን ናፍቀኸኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዝምተኛዋ ሌላ መኪና ሆነች። ማርቆስ ስገባ ከባትሪው ይተርፈኛል፤ ሲያስፈልግ በቀን ሁለቴ እመላለሳለሁ። የሸሹት ባለሱቆች አንድ በአንድ ተመለሱ። እማዬን አንድ ቀን ወደ መቃብርህ ሳደርሳት እስከ ሮብ ገበያ ይዣት ወጣሁ። እትዬ ጥሩዬ ስኳሩን ሳትመዝን ስትረከበኝ አየች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ደጅ ቆመች፤ አሮጊቷን ለመሸጥ የወራሽነት ወረቀት እናውጣ፣ ፍርድ ቤት እንሂድ አለችኝ።

ገዢዋ የአማኑኤል ከተማ ሰው ነው፣ እህል ነጋዴ። ሊወስዳት በመጣ ዕለት እማዬ ለመጨረሻ ጊዜ ልወልውላት ብላ ገባች። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የፀሐይ መከላከያ፣ በላስቲክ አስረህ ማንም እንዳይነካው የምታደርገውን፣ ላስቲኩን ፈትታ ወደ ታች ዘረጋችው። ከዚያ ጠራችኝ። ከጀርባው በእስክሪብቶ ጽፈህበታል። ዘይት ተቀየረ። የኋላ ፍሬን። ፊልትሮ። ያ ሁሉ ወጪ ጭንቅላትህ ውስጥ ብቻ አልነበረም ለካ። በመሐሉም፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፦ «ይታይሽ ብቻዋን ሮብ ገበያ ደርሳ በሰላም ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። በር ላይ ቆመህ ጠበቅኸኝ። ስወርድ ጎማዎቹን ዞረህ አየህና የኋላው ጎማ ጠጠር ነክሷል ብለኸኝ ወደ ቤት ገባህ። እኔም አኮረፍኩ። ስንት ዓመት እንዳኮረፍኩ አትጠይቀኝ።

ገዢው መፍቻ አምጥቶ የፀሐይ መከላከያውን ራሱ ነቅሎ ሰጠን። አሁን ከፎቶህ ሥር ተቀምጧል። አሮጊቷ ስትወጣ እማዬ እስከ መንገዱ ተከተለቻት፤ ድምጿ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችና ተመልሳ የዝምተኛዋን ገመድ ሰካች።

እንግዲህ ይኸው ነው የሆነው። ያስተማርከኝን ረሳች እንዳትል ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ቁልቁለቱን ሁሉ በማርሽ ነው የምወርደው፤ ከእጥፋቷ ስደርስ ግን፣ ከሚካኤል አጥር ጫፍ እስከ ደጁ፣ ዜሮ አደርጋታለሁ። ዝምተኛዋ ድሮም ድምፅ ስለሌላት ለጸጥታው ብዬ አይደለም። አንተ የተኛህበት ስለሆነ ነው። በዚያች ቦታ ቁጥሩ አይጨምርም፤ እንደቆመ እንዲሁ እናልፋለን። የግብር ቢሮዋ ልጅ እያንዳንዷን ወጪዬን በደረሰኝ እንድይዝ ነግራኛለች፣ እይዛለሁም። ይህቺን የሚካኤል ደጅ ወጪ ግን የትም አልጻፍኳትም። መሪ እስከያዝኩ ድረስ በወጣሁ ቀን ሁሉ እከፍላታለሁ።

ልጅህ ይታይሽ