ከስንዝር ያነሰ

አዳማ፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ለእናቴ ምትክ ለታላቅ እኅቴ፣

ከጥምቀት ማግስት ከተለያየን ወዲህ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጅሽን ዘርፉን ሳሉ ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊቱን ታስነሣሻለች? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ የጣቢያው ሰዎችም መምህር እያሉ ይነሡልኛል። የቀረውን ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም። አባታችን ፊደል ያስቆጠረሽ ለዛሬ ነውና ራስሽ አንብቢው፤ ለሌላ አንባቢ አትስጪው።

"ለሰኔ ሚካኤል ልጆቹን ይዤ ከዴራ እመጣለሁ፤ ያንተንም የአዋሽ ድልድይ አያለሁ" ብለሽ የላክሽው ቃል ደረሰኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ምክንያቱን እስክነግርሽ ትንሽ ታገሺኝ።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ስድስት ጎልማሶችን የመሐንዲስ ሙያ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። ሐዲዱ ሲዘረጋ ከፈረንጁ በስድብና በዱላ የተማርሁትን እነሱ በፍቅር እንዲማሩት ነበር ሐሳቤ። እርሳስ ሳላስይዛቸው ገበያ ሰደድኋቸው፤ "ድልድይ ከመንደፋችሁ በፊት የሚሻገርበትን ጠይቁ" ብዬ። አምስቱ የሰውና የአህያ ቁጥር ይዘው መጡ። ደገፋ የሚባለው የዚሁ የአዳማ ተወላጅ ግን ቀኑን ሙሉ ከከብት ነጂዎች ጋር ውሎ መጣና፣ "ከብት አንድ በአንድ አይሻገርም። ፊተኛው መካከል ላይ ደንግጦ ሲቆም የኋላው ሁሉ ይከመርበታል። ክብደቱን ስናስብ መንጋው እንዳለ በላዩ እንደ ቆመ እናስብ" አለኝ። ያን ቀን ተማሪ አገኘሁ ብዬ ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ።

ከሸምበቆ ትንንሽ ድልድይ እያሠራሁ፣ ድንጋይ እያስጫንሁ አሰብራቸው ነበር። ሲሰበር ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ የለቀቀው የቱ ጋ ነው? በዚያች ሰዓት በላዩ ማን ነበረ? ንድፉ አልቆ ፊርማ ከማሳረፋቸው በፊትም እጃቸውን አንሥተው "ልጄን በማላሻግርበት የሰው ልጅ አላሻግርም" እንዲሉ አስለመድኋቸው። ይህችን ቃል ያወጣኋት እኔው ነኝ። አታምርም?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሸማ ልትገዢ ስትወጪ እኔን ከሥራ አስፈትተሽ የምትወስጂኝ ለምን እንደ ነበር መቼም አትረሺውም። ክንዴ ረጅም ስለሆነ በእኔ ክንድ እንዲለካልሽ ነበር፤ ነጋዴውም "ይህ ሰው ነው ወይስ ግመል?" እያለ ይነጫነጭ ነበር። ያ ክንድ ነው ጉድ የሠራኝ። የአዋሽን ድልድይ ግንድ ከአርሲ ጫካ ሳዝዝ፣ ቆራጮቹ ሜትር ስለማያውቁ በራሴ ክንድ ለክቼ "አሥራ አራት ክንድ" ብዬ ጻፍሁ። "ቁጥር አትላኩ፣ የተለካ ዘንግ ላኩ" እያልሁ ተማሪዎቼን ያሰለቸሁ ሰውዬ፣ ቸኩዬ ዘንጉን ሳልልክ ቀረሁ። የቆራጮቹ አለቃ ጆቴ ደግሞ አጭር ሽማግሌ ነው፤ በራሱ ክንድ አሥራ አራት ቆጥሮ በሐቅ ላከልኝ። በየክንዱ ሁለት ጣት እየጎደለ ግንዱ ከአንድ ክንድ በላይ አጠረ። በየጫፉ አንድ ክንድ ያህል የድንጋይ ምሰሶው ላይ መተኛት ሲገባው፣ አሁን የተኛው ከስንዝር ያነሰ ነው።

ግንዱ ከተጋደመ በኋላ ደገፋ ዘንጉን ይዞ ከሥር ገባ። ወጥቶም በመንገድ ሥራው ሹም ፊት፣ "ይህ ጥቂት ሰው ይችላል፤ መንጋ አይችልም። ሌላ ግንድ እስኪመጣ ይቆይ" አለ። የምረቃው ቀን ለትልልቅ ሰዎች ተነግሮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰንጋ ታስሮ ነበር። ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ "መምህሩ አንተ ነህ። ይችላል ወይስ አይችልም?" አለኝ። እታለም፣ ከእኔ የተፈለገችው አንዲት ቃል ነበረች። አይችልም ብል ማን አሳጠረው ሊባል ነው፤ ትምህርት ቤቷም ያን ቀን ልትዘጋ ነው። "ይችላል" አልሁ። ወረቀቱ ቀረበልኝ፤ ስሜን ጻፍሁ፤ ማኅተሜን መታሁ። እጄን ግን አላነሣሁም።

ደገፋ ይባረር ተባለ፤ ነጋሪው እኔ ሆንሁ። አልተቆጣም። "ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ነው የተናገርሁት። ከተሳሳትሁ ስሕተቴን ያሳዩኝ" አለኝ። እኔም አሰናበትሁት። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ፣ ነጂዎቹን በኦሮምኛ እየለመነ፣ እየተሰደበም፣ ከብቱን አምስት አምስት እያደረገ ያሳልፋል። የድልድይ ዛር ያዘው እያሉ ይሥቁበታል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ እንደ ጥንቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። የማላውቀው መስዬ አለፍሁ። እስካሁን ያቃጥለኛል።

የቀሩት አምስቱ ዛሬም እጃቸውን አንሥተው ያችን ቃል ይላሉ። ሳስተውላቸው ግን ፈገግ እያሉ ነው የሚሉት። እኔም ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። በድልድዩ አትምጪ። ከላይ ግመሎቹ በሚሻገሩበት መልካ፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት፣ በቅሎዋን አስይዘሽ ተሻገሪ። አዋሽ ሞልቶ ከሆነም ቅሪ፤ ቅር አይለኝም። ምክንያቱን ለጎረቤት አትንገሪ፤ ለባልሽም ቢሆን። ከተሰማ አለቀልኝ።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብሁት። የሚካኤል ለት የዴራ ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ይመጣል፤ ለበዓሉ ገበያ የሚነዳውም ከብት የዚያኑ ለት ነው። አንድ ደገፋ ምን ያህሉን ለምኖ ይመልሳል? ሹሙ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከደጁ ተመልሻለሁ። ሦስተኛ ብሄድም ያው ነኝ። ድፍረትን ለሰው አስተምራታለሁ እንጂ እኔ ዘንድ የለችም፤ ብፈልጋት ብፈልጋት አጣኋት።

ልጆችሽን ከክፉ ሁሉ ይሰውርልሽ። ሚካኤል አንቺንም፣ የማላውቃቸውን እናቶችም በክንፉ ይጋርዳችሁ። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ።

ክንደ ረጅሙ ታናሽ ወንድምሽ

በድልድዩ ወረቀት ላይ የመታሁትን ማኅተም ከዚህ በታች ደግሜ መትቼዋለሁ፤ ለእኅት ደብዳቤ ማኅተም እንደማያሻ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ይዞልሽ የሚመጣው ደገፋ ነው። ዛሬ ጠዋት አስጠርቼ ለመንሁት፤ ምንም ሳይጠይቅ እሺ አለኝ። ማንበብ አሳምሮ ያውቃል። ፖስታውን አላሸግሁትም። እኔ በተመለስሁበት ደጅ ዞሮ፣ ዘግይቶ ቢደርስሽ አትቆጪው።