ዓሣው በየዓይነቱ መሐል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፣ ጠዋት 1፡30
ባጃጅ የለም። ጭቃ። ጫማዬን እየጠረግሁ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። የመጀመሪያ እንግዳዬ ዛሬ ትገባለች። ሊና፣ ከጀርመን። ቪጋን ናት፤ ከእንስሳ የመጣ ነገር በአፏ አይዞርም። አይዞሽ ብያታለሁ፣ ቦንጋ የእትዬ ወርቅነሽ የጾም ምግብ ቤት አለ። በሩ ላይ በትልቁ «ቪጋን» አስጽፈዋል። እኛ ቤት ጴንጤ ስለሆንን ገብቼ አላውቅም። ግን ጾም ጾም ነው።
ቱሪዝም ተመርቄ፣ ስንት ጊዜ ቤት ተቀምጬ ያገኘሁት የአስጎብኚነት ሥራ ነው። ገና ሙከራ ላይ ነኝ። ሊና ደስ ብሏት ከሄደች አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ሰለሞን ቅዳሜ ስምንት ቪጋኖች ይልካል፤ እኔም እቀጠራለሁ።

ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡00
ተበላሸ። በየዓይነቱ መጣ። ምስር፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። መሐሉ ላይ ጥብስ ዓሣ፣ ከነጭንቅላቱ። ሊና ዓሣውን አየችው። እሱም አያት።
ይሄ ቪጋን አይደለም ብዬ አስተናጋጁን ስጠራ እትዬ ወ. ራሳቸው መጡ። ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ የሆነው አሉ። ደግሞ አንቺ ጴንጤዋ ነሽ ጾም የምታስተምሪኝ? ጎን ያለው ጠረጴዛ ሳቀ። ዓሣውን በእጃቸው አንስተው፣ በሉ ብሉ አሉን። ዘይቱ ጎመኑ ውስጥ ገብቷል። ሊና የዳር ዳሩን ደረቅ እንጀራ በላች፣ አመሰገነች። ማመስገኗ ነው ያንገበገበኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24፣ ከቀኑ 10፡00
ማንኪራ፣ የቡና ጫካው መንደር። ጫካውን ዞረን ምሳ አክስቴ ቤት። ቆጮ፣ የባቄላ ወጥ፣ ቅቅል ጎደሬ። አክስቴ ቆጮ ለፈረንጅ ማቅረብ አሳፍሯት በካፊኖኖ ታጉረመርማለች። ወጡ ላይ ቅቤ ልትጨምር ስትል እጇን ያዝኩ። ታማለች እንዴ ልጅቷ? አለችኝ። ሊና ደግማ አስጨመረች። አክስቴ ኮራች፣ እኔም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25፣ ጠዋት 4፡00
ሊናን ሸኘሁ። ወዲያው ሰለሞን ደወለ። እትዬ ወ. ለሱ ደውለው ከሰውኛል፤ ሰው ፊት አዋረደችኝ ብለው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ይላል። ቅዳሜም ስምንቱን እዚያው ላብላ፤ ዓሣው ወጥ ቤት እያለ ከላዩ ይነሳ፣ ማን ያውቃል አለ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። አንቺ ምን አገባሽ፣ አስጎብኚ ነሽ ወይስ ተቆጣጣሪ? እምቢ ካልኩ ሙከራው እዚህ ላይ ያበቃል። ዘጋው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00
እናቴ ይቅርታ በያቸው፣ ምን ይጎድልብሻል ትላለች። ሥራው ይጎድልብኛል፣ አውቃለሁ። እንደገና ቤት መቀመጥ ነው። ግን ሰው አምኖኝ እጁን ትሪው ውስጥ ሲያስገባ ዝም ብዬ ልይ?
ዝም አልልም። ለሰለሞን ጻፍኩ፦ «የቅዳሜ ምሳ ማንኪራ አክስቴ ቤት ነው። ካልተስማማህ ሌላ አስጎብኚ ፈልግ፤ ለሚመጣው ሰው ግን ስለ ዓሣው እነግረዋለሁ።» ላክሁት። አንብቦታል።
እኔ ገበያ ልወጣ ነው። የአክስቴ ድስት ሁሉ ቅቤ የጠጣ ነው፤ አዲስ ትልቅ ድስት፣ ለስምንት ሰው የሚበቃ፣ ቅቤ ያልነካው እገዛለሁ።