ስካይዌይ መስመር የለም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 2014

ዛሬም ቤት ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ መስመሩ አርጅቷል። ልጄ ቤቲ የቤት ሥራዋን በኮምፒውተር ካልላከች ዜሮ ነው የምታገኘው። የኢንተርኔት ካምፓኒው ጋ ኮል አደረግኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ፣ "እናንተ ሰፈር፣ ስካይዌይ፣ አዲስ መስመር የመዘርጋት ዕቅድ የለንም" አለችኝ። ሌላ ካምፓኒ ደግሞ እኛ ሰፈር አይገባም።

ከሥራ መልስ የሰፈሩ ስብሰባ ላይ የካውንቲውን ምክር ቤት ተመራጭ ስለ መስመሩ ጠየቅኩት። "እሱ የካምፓኒው ውሳኔ ነው" ብሎ ፈገግ አለና እጄን ጨበጠኝ። በምርጫው ጊዜ ድምፅ ስጡኝ ብሎ በራችንን ያንኳኳው እሱ ራሱ ነበር።

ከዚያ ቤቲን ይዤ ላይብረሪው ደጅ ፓርክ አደረግኩ። ተዘግቷል፤ ዋይፋዩ ግን መኪናው ድረስ ይመጣል። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጽፍ ቆየችና፣ "ሶ፣ ማሚ፣ ስብሰባው ላይ ያገኘሽው ሰውዬ ኢንተርኔቱን ፊክስ ሊያደርገው ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እየሞከረ ነው" አልኳት።

ለእሱ ብዬ ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።