ቤዛን ያዘልኩበት ጋቢ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12፣ ኦክላንድ

ዛሬም ሥራ ቦታ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ስድብ ነው። አንዷ «ነፍሰ ገዳዮች!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ልጄ ቤዛ በበጎ ፈቃድ የምታገለግልበት የውሻ አዳኞች ቡድን እኛ ጋ ያለችውን አሮጊት ቡኒ ውሻ ከነፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ፖስት አድርጓታል። እኔ የምሠራበት የከተማው የእንስሳት መጠለያ ስለሞላ ሰኞ ትገደላለች ይላል። ጽሑፉ የቤዛ ነው፦ «እዚያ ውስጥ የሚያዝንላት አንድም ሰው የለም።» እናቷ የት እንደምትሠራ እያወቀች!

መሙላታችን እውነት ነው። ሰኞ ልትገደል እንደነበረም እውነት ነው። ግን ውሻዋ ሲሚንቶ ላይ ስትንቀጠቀጥ አላስችል ብሎኝ፣ ቤዛን ያዘልኩበትን አሮጌ ጋቢ ከቤት ወስጄ ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ የተኛችው እሱ ላይ ነው፤ በጸጉርና በሽንት መልኩ ጠፍቶ።

ከሰዓት በኋላ የቡድኑ ሰዎች መጥተው ወሰዷት። ጋቢውንም ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ቤት ስገባ ቤዛ አቀፈችኝ። «ማሚ፣ አዳንናት! ሄይዋርድ ከተማ ቤት አገኘች።»

«ከማን ነው ያዳናችኋት?» ልል ቃጣኝና ተውኩት። እሷ ባትጽፍ ኖሮ ውሻዋ አትተርፍም ነበር። ይህን እንዴት እክዳለሁ?

«አብሯት የመጣውን ጨርቅ አምጥቼ ታች ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከትቼዋለሁ» አለች፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። «እዩት እስኪ፣ ይሄንን ነው የሚያነጥፉላቸው!»

ያ ጋቢ ሲታጠብ፣ ቤዛ ከልጅነቷ የምታውቀው ቀይ ጥለቱ ደምቆ ይወጣል።

ማሽኑ አሁን ቆመ። ልታወጣው እየወረደች ነው።