በአንዲት ፊደል የታሸገው ጫማ ማደሻ

ለተከበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ወንበርዎ እንደሚመችዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ሥራ ፈትቼ ቤት ከዋልኩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ስለሆነኝ፣ ያለ ሥራ መቀመጥ ወገብ እንደሚጎዳ ገና አሁን ነው የገባኝ።

ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ስሰፋ የኖርኩት ሰው ነኝ። ከሱቄ በር በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ በእንግሊዝኛ «ሹዝ ሪፔር» ይል ነበር። ባለሙያዎ መጥተው፣ በእንግሊዝኛ ስም ስምን ሲገልጽ ፊተኛው በነጠላ እንጂ በብዙ ቁጥር እንደማይጻፍ፣ ስለዚህም የመጨረሻዋ ፊደል «ኤስ» ወጥታ «ሹ» መባል እንደነበረበት በትዕግሥት አስረድተው ሱቄን አሸጉት። ስለ ትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. እስከ ዛሬ አንድ እግር ጫማ ብቻ ይዞ የመጣ ደንበኛ ስላላጋጠመኝ፣ በብዙ ቁጥር መጻፋችን ጥፋት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ክሎዝስ ሾፕ» ብላ ጽፋ በሰላም ትሠራለች፤ ትሥራ፣ ቅናት የለብኝም። የራስዎ ሕንጻ መግቢያ ላይም «ስፖርትስ ኦፊስ» የሚል ሰሌዳ አለ። ባለሙያዎን ብጠይቃቸው፣ እነዚያ በልማድ የተፈቀዱ ናቸው አሉኝ። ልማድ ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቢነግሩኝ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶኛል።

፫. ሰሌዳው እስኪታረም ሱቁ እንዳይከፈት ታዟል። ሠራተኞችዎ ግን ሰሌዳውን አውርደው፣ ሱቁ ውስጥ አስገብተው ነው በሩን ያሸጉት። ሰሌዳውን እንዳላርመው በሩ ታሽጓል፤ በሩን እንዳልከፍተው ሰሌዳው አልታረመም። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ፤ እኔ ሦስት ቀን ባስብ ባስብ መላው ጠፋኝ። አራት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣም አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

፬. ይህኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ። ሰሌዳውን የጻፈችው ባለቤቴ ናት። በአርባ አንድ ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ፣ ከልጆቻችን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እያጠናች፣ ፊደሎቹን በእርሳስ ሦስት ጊዜ ነድፋ፣ ያቺን ጥፋተኛ «ኤስ» ከሁሉ አሳምራ ቀባቻት። ሱቁ የታሸገ ዕለት ቤት ስገባ «እኔ ነኝ ሱቁን ያስዘጋሁብህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ ደብተሯንም ቁም ሳጥን ላይ ሰቅላዋለች። ክቡር ሆይ፣ ሱቁ አንድ ቀን ይከፈታል፤ የእሷን ደብተር ማን እንደሚከፍትልኝ ግን አላውቅም። በዚህ ተናድጃለሁ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ባለሙያዎ ለእኔ ያስረዱኝን ያህል ጊዜ ወስደው፣ የቀሩት ፊደሎች ሁሉ ልክ እንደነበሩ ለእሷ ቢነግሩልኝ ሌላ ካሣ አልፈልግም።

ፊርማዎ ሳይደክም፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ዘመንዎ ይርዘም እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎና ሥራ ፈቱ፣
ከፊት ለፊትዎ የነበረው ጫማ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የፊታችን ቅዳሜ ለልጅዎ ሠርግ የሚያደርጉት ቡናማ ጫማ እኔ ዘንድ እንደነበረ ሳያስታውሱ አይቀሩም። ግራውን በእጄ ልሰፋው ቤት ወስጄው ስለነበር ጨርሼ ለጸሐፊዎ አስረክቤያለሁ፤ ቀኙ ከሰሌዳው ጋር ታሽጓል። እንግዲህ በደንቡ መሠረት፣ በነጠላ ቁጥር፣ በአንድ እግር ጫማ ልጅዎን ሊድሩ ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።