ሊዲያ የማን ልጅ ናት?

ይድረስ ዱባይ ላለኸው ወንድሜ ለአበባው።

እንደ ደንቡ አስቀድሜ ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ከርመሃል? የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ያነቃሃል? ሙቀቱን ቻልከው? ቀን ቀለም ስትቀባ ውለህ ማታ ከባንዱ ጋር ስትጫወት መቼ ነው የምትተኛው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እናታችን በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ልጄ ቤተልሔም ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። እኔም መናኸሪያው አጥር ሥር ፓፓያዬን እሸጣለሁ። ደህና ነን የሚለውን ቃል ግን አልጽፍልህም፤ ውሸት ይሆንብኛል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅህ ይችላል። ምን ላድርግ፣ ስደውል ትዘጋዋለህ። በድምፅ የላክሁልህንም ሳትሰማው ከረምህ። ወረቀት እጅ ከገባ አይዘጋም ብዬ ነው። የጎረቤታችን የሲራጅ እኅት ዘሀራ እናቷን ልትጠይቅ ከዱባይ መጥታ ሰንብታለች፤ ዒድን ውላ ስትመለስ በእጇ ትሰጥሃለች። ፊቱ ቆሜ አስነብበዋለሁ፣ ወላሂ፣ ብላኛለች። እሷን ደግሞ ታውቃታለህ።

ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። ታናሻችን ዳዊት በረዳትነት የሚሠራበት ሚኒባስ ከወልድያ ሲመለስ ተገልብጦ የሞተ ለት፣ እናታችን ከል ለበሰች፤ ራዲዮኑንም በነጠላ ሸፈነችው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ዘፈን የሚባል አልተሰማም። የናንተ የዋርካ ባንድ ስም የወጣው እኛ ከል በለበስን በመንፈቁ ነው። አገሩ ሁሉ እናንተን ሲሰማ ያልሰማችሁ የገዛ ቤትህ ብቻ ነበር። ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ ዘፈናችሁ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ እየተቀዳ ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳ ግራና ይደርስ ነበር። ሲራጅማ የባንዱን ስም ባጃጁ ኋላ ላይ በቢጫ ቀለም አጽፎ ነበር። እናታችን ስትሳፈር ግን ዘፈኑን ያጠፋዋል፤ ጨዋ ልጅ ነው። እኔን ብቻዬን ሲያገኘኝ፣ አንቺ ሴትዮ የወንድምሽን ባንድ ሳትሰሚ ልትሞቺ ነው ወይ፣ እያለ ይነዘንዘኛል። አውቶቡስ ቆሞ የናንተን ዘፈን ከለቀቀ ቅርጫቴን አንስቼ ወደ ሌላ መኪና እሄድ ነበር። ፓፓያ ሻጯ ጆሮዋን አስጾመች እያሉ ረዳቶቹ ሳቁብኝ።

አልከፋኝም። ለበዓል እንደሚቆይ ነገር አቆይቻችሁ ነበር። እናታችንም፣ ከሌን ስጥል ጆሮዬን የምፈታው በልጄ ነው፣ ትል ነበር። ሰርግ ቤት ሳይቀር አልሄድም ብላ፣ ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም ብላ ጠበቀችህ። በአንድ ልጇ ሐዘን ውስጥ ሆና የሌላውን ልጇን ደስታ ቀን ቆርጣ ነው የጠበቀችው። ይህን ልብ በልልኝ።

ባለፈው ግንቦት ዳዊት ሁለት ዓመት ሞላው። ጸሎቱን አስደርገን ስንመለስ አጎታችን ጋሽ አለሙ ከግራና ነጭ ቀሚስ ይዞላት መጣ፤ ከሏን አወለቀች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሲራጅ አንድ ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ ገባ፤ ሊያሰማን ቋምጦ የኖረ ሰው ነውና ደስታው ከኛ ይበልጥ ነበር። እናታችን ነጠላውን ከራዲዮኑ ላይ ራሷ አነሳችው። ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ትልቅ እንግዳ እንደምትቀበል ሆና ተቀመጠች።

አበባው፣ ጎበዞች ናችሁ። ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ ቢለኝም ጎበዞች ናችሁ። የመጀመሪያውን ሰማን፣ ሁለተኛውን ሰማን። ክራሩን የምትመታው አንተ መሆንህን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። እስከዛሬ ይህን ሳልሰማ የኖርኩት ምን ነክቶኝ ነው ብዬ ተቆጨሁ። ሦስተኛው ሲጀምር ትከሻዬ ከጆሮዬ ቀደመ፤ የሚያስቀምጥ ዜማ አልነበረም። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ከዚያ ዘፋኛችሁ አፉን ከፈተ፤

ከወልድያ መርሳ ስንት መኪና መጣ፤
ሊድዬ የኔ ዓለም ከየትኛው ትውጣ።

በሴቶቹ በኩል ጭብጨባው ቆመ። ወንዶቹ ቀጠሉ፤ ለቅሶው ለት ድንኳን ውጭ ስለነበሩ አያውቁትም። ሲራጅ እንዲያውም ምርጡ ደረሰ ብሎ ድምፁን ጨመረው። አንተ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ እናታችን በዳዊት ሬሳ ፊት ደረቷን እየደቃች ያወጣችው ሙሾ እንዲህ ነበር፤

ከወልድያ መርሳ ስንት መኪና መጣ፤
ዳዊቴ የኔ ልጅ ከየትኛው ይውጣ።
ጃኬቱን ተዉልኝ፣ አቧራው ይቆየኝ፤
የሄደበት መንገድ በሱ ነው ሚታየኝ።

የዳዊት ጃኬት በናንተ ዘፈን ውስጥ የሊዲያ ነጠላ ሆኗል። አቧራው ሽቶ፣ የኔ ልጅ ያለችው የኔ ዓለም ሆኗል። የቀረውን አንድም ቃል አልነካችሁትም።

እናታችን አልጮኸችም። ሲራጅን ድገመው አለችው፤ ደገመው። ሲያልቅ ዙሪያዋን አየችና፣ ሊዲያ የማን ልጅ ናት፣ ብላ ጠየቀች። ሲራጅ ያኔ ነገሩ ገባው። ስፒከሩን አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በማግስቱ የባንዳችሁን ስም ከባጃጁ ላይ በቢላ ሲፍቅ አገኘሁት። እሱ ምን አጠፋ? ወዶ ማሰማቱ ነው ጥፋቱ?

ከየት እንደወሰድከው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለቅሶው ለት ደውለህ፣ እታለም፣ ቀብሩ ላይ ባልደርስም ከእናቴ ጋር ላልቅስ፣ ስልኩን ወደሷ አስጠጊልኝ፣ አልከኝ። አስጠጋሁልህ። ክንዴ እስኪዝል ይዤልህ ቆምኩ። ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ፤ እንባህ የውሸት ነበር አልልም። ግን እያለቀስክ ትቀዳን ነበር። ለሐዘንህ ብለህ ቀድተኸው ቢሆን ማን ይፈርድብሃል? በባዕድ አገር ብቻህን ሆነህ እያዳመጥክ ብታለቅስበት እኔም ደስ ባለኝ። አንተ ግን ለጓደኞችህ አሰማሃቸው፣ ከበሮ ገባበት፣ ጊታር ገባበት፣ ከዚያ ወንድማችን ወጣበት።

ዘፈኑን ከሰማን በኋላ ስደውልልህ ያልከኝን አልረሳሁትም። የምንጫወትበት አዳራሽ ባለቤት በሞተ ሰው ስም የሚጨፍር የለም፣ የሴት ስም አስገቡበት አለን፣ አልከኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል ይህ ነው። ባለአዳራሹ ዳዊትን አያውቀውም፤ ዳዊትን በጀርባህ አዝለህ ወንዝ ያሻገርከው አንተ ነህ። ደግሞ እናታችንን አስጠራኋት አልከኝ። ማንን ነው ያስጠራኸው? የሷ ስም የለበትም፣ የልጇ ስም የለበትም፤ የተጠራችው ሊዲያ ናት። ይህን ስልህ ነው ስልኩን የዘጋኸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለውን እሰማ ነበር እንጂ በኛ ቤት ይደርሳል አላልኩም።

ይህ ሁሉ አልፎ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ያላስተወኝ የጥር ነገር ነው። በጥር መልካሙ የሚባለው፣ የዳዊትን ሚኒባስ ይነዳ የነበረውና ያኔ ከአደጋው ተርፎ እግሩን ሲጎትት የኖረው ሰው፣ ታሞ አረፈ። እናታችን ሙሾ አውራጅ መሆኗን ታውቃለህ፤ በመርሳ ዙሪያ ለቅሶ ሆኖ እትዬ የሺ ይምጡልን ያልተባለበት የለም። ሄደች። ለመልካሙ የሚገባውን አለችለት። ከዚያ እንደ ልማዱ የራሷን ሙት አነሳች፤ ዳዊት ከመልካሙ ጎን ተቀምጦ የሄደ ልጅ ነውና ሳታነሳው አታልፍም። ከወልድያ መርሳ ብላ ስትጀምር ከኋላ የነበሩ ልጃገረዶች አብረዋት ተቀበሉ፤ በሷ ዜማ ሳይሆን በናንተ ዜማ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ልጆች ናቸው፤ ለነሱ የሚያውቁት ዘፈን ነው። እናታችን እነሱን ሰምታ ዝም ብትል ይሻል ነበር። እልህ ይዟት ድምፁን ከፍ አደረገችውና ሁለተኛውን ስንኝ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሊድዬ አለች።

እናታችን ናት ያለችው፣ አበባው። በገዛ አፏ፣ የገዛ ልጇን ስም ትታ፣ ሊድዬ አለች።

እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ደግፌ ቤት አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲጠሯት ድምፄ ተዘግቷል ትላለች። አልተዘጋም። ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ ስትለፋ እሰማታለሁ፤ አንዱን ታገኘዋለች፣ ቀጣዩን ስትፈልግ የናንተ ዘፈን ይቀድማታል። እናንተ የወሰዳችሁት አራት ስንኝ ነው፤ እሷ ግን ያን ቀን እስከ ቀብር ድረስ ነው ያወረደችው። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ጥርሱ፣ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መርሳ መርሳ ሲል ስለነበረው ድምፁ ብላ ነበር። ሙሾ ተጠንቶ አይያዝም፤ የወጣ ለት ወጥቶ ይቀራል። እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔ ደግሞ ስልክ ይዤ ቆሜ ነበር። የነበሩትን ሴቶች ብጠይቅ ሁሉም የሚያስታውሱት ዘፈን የሆነውን ብቻ ነው። ያን ቀን ያለችውን በሙሉ የያዘው ያንተ ስልክ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ዘፈኑን አጥፉት አልልህም፤ በየመኪናው ያለውን ማን ይለቅመዋል? ይቅርታ ጠይቃትም አልልህም፣ እሱ ያንተና የእግዜር ነው። የቀዳኸውን ላክልኝ። ከበሮ ያልገባበትን፣ ዳዊት ያለበትን። ያንተም ለቅሶ ከነሳሉ ይኑርበት፣ አትቁረጠው። በቴሌግራምም ቢሆን፣ በዘሀራ ዘመዶች በኩል በሚሞሪም ቢሆን ይድረሰኝ። ራዲዮኑ እንደገና በነጠላ ተሸፍኗል፤ ከሱ ይልቅ በስልኬ ከጆሮዋ አስጠግቼ አሰማታለሁ። ስልክ ይዞ መቆም እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

የአገሩን ወሬ ብትለኝ ብዙም የለም። የኛ ዐቢይ ጾምና የነሱ ረመዳን ገጥመው መርሳ ዝም ብላለች፤ መኪኖቹም ዘፈን ስላልከፈቱ ትንሽ አረፍ ብለናል። ከፋሲካ በኋላ እንዳለፈው ይቀጥላል።

ጋሽ አለሙ ከግራና፣ የእኅቴ ልጅ ይባረክ፣ ብሎሃል፤ እሱ ሁሉንም ይባርካል። ሲራጅ ሰላም በይልኝ ብሏል፣ ዓይኔን ሳያየኝ። እናቱ እማማ ዙልፋ አላህ ልቦና ይስጠው ብለዋል። ቤተልሔም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ዕቃ ስታጥብ ያንን ዘፈን ሳታስበው ታንጎራጉራለች፣ አያቷ ስትገባ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እናታችን የላከችልህ ሰላምታ የለም። እንደምጽፍልህ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። ምናልባት አጥፍቶት ከሆነ እንዳትነግሪኝ፤ እየፈለገው ነው በይኝ።

ስለዚህ አጥፍተኸው ከሆነ ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ፤ እሷን እየፈለገው ነው እያልኩ አኖራታለሁ።

እኅትህ ትርንጎ
መርሳ፣ ሐብሩ
መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.