የእማዬ አውራ ጣት

እታለም፣ ናፍቆቴ በዚህች ወረቀት የሚያልቅ ባይሆንም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

እንዳትስቂብኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጥልፍ ጀምሬያለሁ። አስተማሪዬ እማዬ ናት። "አንቺ መርፌ ያዝሽ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!" ብላ ስቃብኛለች።

ቀጥ ያለውን ስፌት በአንድ ቀን ለመድኩት፤ ያስቸገረኝ መስቀለኛው ነው። ለካ ከላይ የሚያርፈው ክር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል አለበት! ትናንት አንድ ሙሉ ቅጠል ጨርሼ ደረቴን ነፍቼ ሰጠኋት። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው። "ሦስተኛው መስመር ላይ አንዷን አዙረሻታል፤ ፍቺያት" አለችኝ። አንድ በአንድ ብቆጥር እውነቷን ነው! እኔ አፍጥጬ ያላየሁትን! እንዲህ ያለ ጣት በቤታችን ኖሮ እስከ ዛሬ ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ።

መርፌው ላይ ክር ማስገባት አሁን የኔ ሥራ ነው። የቀዩን ክር ጫፍ አንድ ጊዜ፣ የአረንጓዴውን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ አስቀምጥላታለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል።

የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ ደረቷ ላይ አድርጋው ዋለች። "ምን ለብሳለች? ከስታለች እንዴ?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

በይ እንግዲህ፣ ደህና ሁኚልኝ። የዓመት ፈቃድሽን ቀደም ብታደርጊው ደስ ይለናል። ስትመጪ ታዲያ እንደ ልማድሽ ላስደንግጣት ብለሽ በሩ ላይ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ፤ ገና ከደጅ ድምፅሽን አሰሚያት።

ታናሽሽ